ለጎልፍ 5 ጂቲአይ፦ ዋጋው የማይጎዳ፣ መንገድ የሚይዝ ጎማ የቱ ነው?

የጎልፉ ልጅ | አዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ። ጎልፍ 5 ጂቲአይ ነው የምነዳው፣ የቮልስዋገን ስፖርታዊ መኪና። 2.0 ቱርቦ፣ ማኑዋል። የጎማው ልክ 225/45 አር 17 ነው፣ 17ቱ የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። የፊቶቹ ጥርስ አልቆ የማለቂያ ምልክቱ ላይ ደርሷል፣ የኋላዎቹም ብዙ አይቆዩም። ክረምቱ ሳይገባ መቀየር አለብኝ።

ችግሩ ዋጋ ነው። ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 5 ጠይቄ ነበር፣ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዶላር ነገር እንደምታውቁት ነው፣ ጎማ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። በርካሹ ልግባ ስል ልቤ እምቢ ይላል። 200 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ነው። የወደድኩት ደግሞ ቀጥታ ላይ ስለሚሮጥ ሳይሆን ኩርባ ላይ ስለሚያምር ነው። መጥፎ ጎማ ከገጠምኩበት ጂቲአይነቱ ምኑ ላይ ነው?

አነዳዴን ልንገራችሁ። በሥራ ቀን ከተማ ውስጥ ነኝ፣ የሰፈሬ መግቢያ ኮብልስቶን ነው። ቅዳሜና እሁድ እንጦጦ እወጣለሁ፣ አንዳንዴም በፈጣን መንገዱ አዳማ እወርዳለሁ። ውድድር ምናምን የለም። አንድ ጓደኛዬ «ጎማ ከቀየርክ አይቀር ቸርኬውንም 18 አድርገው» እያለኝ ነው። ምን ትላላችሁ?


ዝቅ ያለ መኪና | ቦሌ

18 ግባ። ያቺን መኪና በ17 ማየት ያሳዝናል። 225/40 በቀጥታ ይገባል፣ ምንም የሚነካ ነገር የለም።


ጎሚስታው | ሳሪስ

መግባቱስ ይገባል ወንድሜ። ፋብሪካውም ራሱ 18ን በአማራጭ ያወጣ ነበር። ግን እኔ ቀኑን ሙሉ የማየው የተጣመመ ቸርኬና ጎኑ ያበጠ ጎማ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ጎኑ ቀጭን የሆነ ጎማ ነው።

ስሌቱን እዩት። 225/45 ማለት የጎማው ስፋት 225 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ ደግሞ የዚያ 45 በመቶ ነው፣ ወደ 101 ሚሊ ሜትር ገደማ። 225/40 ስትል ወደ 90 ትወርዳለህ። 205/55 አር 16 ብትመርጥ 113 ትገባለህ። የሦስቱም ጠቅላላ ቁመት ከ632 እስከ 637 ሚሊ ሜትር ውስጥ ስለሆነ የፍጥነት መለኪያው አይዛባም። የሚለወጠው በጉድጓዱና በቸርኬህ መካከል ያለው ላስቲክ ብቻ ነው። ክረምት ላይ ጉድጓዱ ውኃ ሞልቶ ጥልቀቱ ሲጠፋብህ ያቺ አንድ ሴንቲ ሜትር ቸርኬህን ታተርፍልሃለች።

ዋጋም አለ። 205/55 አር 16 ብዙ መኪና የሚጠቀምበት ልክ ስለሆነ ምርጫው ሰፊ ነው፣ ይረክሳልም። ደህና ባለ 16 ቸርኬ ካገኘህ አስብበት። ግን 5 ቦልት በ112 መሆን አለበት (ቦልቶቹ የሚገቡበት ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር)፣ የመሐል ቀዳዳው 57.1። የቶዮታ ቸርኬ አይሆንህም። ሳትከፍል በፊት የፊት እግር ላይ አስገጥመህ አሽከርክረው፣ የፍሬኑን ካሊፐር እንዳይነካ። ካላገኘህ 17ህን ይዘህ ቆይ፣ ለዚህ ከተማ 17 ደህና መካከለኛ ነው።


የጎልፉ ልጅ

ጎሚስታው፣ እግዜር ይስጥህ። የ18ን ነገር ተውኩት። ቸርኬዬ ኦሪጅናል ስለሆነ 17 ላይ እቆያለሁ። አሁን ብራንዱ ላይ እርዱኝ።


ከቨርጂኒያ | አሌክሳንድሪያ

ወንድሜ፣ እኔም እዚህ ጎልፍ 7 ጂቲአይ አለኝ፣ የእኔ 225/40 አር 18 ነው። የውዱን ዋጋ ሳልከፍል ደህና ጎማ የማገኝበት መንገድ የኩባንያዎቹን ዝምድና ማወቅ ነው። ፋየርስቶን በፈረንጆቹ ከ1988 ጀምሮ የብሪጅስቶን ነው። ጄነራል ከ1987 ጀምሮ የኮንቲኔንታል ነው። ፋልከን የጃፓኑ ሱሚቶሞ ነው። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ዩኒሮያል የኮንቲኔንታል፣ ክሌበር የሚሽሊን ነው። ጎማው አንድ ዓይነት ነው ማለቴ አይደለም። ከበስተጀርባው ግን በጎማ ሥራ የኖረ ትልቅ ድርጅት አለ፣ አንተም ለስሙ የምትከፍለው ትንሽ ነው።

አሁን የገጠምኩት ፋየርስቶን ፋየርሆክ ኢንዲ 500 ነው። ከፓይለት ስፖርት 4ኤስ ዋጋው በደንብ ያንሳል። ደረቅ ላይ መሪው እንደ ሚሽሊኑ ወዲያው አይመልስም፣ ኩርባ መግቢያ ላይ ትንሽ ዘግየት ይላል። ዝናብ ላይ ግን እተማመንበታለሁ። በእኔ አነዳድ የዋጋውን ልዩነት የሚያክል ልዩነት አላየሁበትም።

አንድ ማሳሰቢያ። እዚህ ብዙ ሰው «ኦል ሲዝን» (ለሁሉም ወቅት የሚባለውን ጎማ) የሚገዛው በረዶ ስላለብን ነው። የበጋ ጎማ (የፈረንጅ በጋ፣ ለሙቀት የተሠራ ማለት ነው) ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ላስቲኩ ይደርቃል፣ መያዙ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ቢበርድም ረፋዱ ላይ ይሞቃል። አንተ ዓመቱን ሙሉ የበጋውን መንዳት ትችላለህ። ለማታየው በረዶ ብለህ መያዙን አትቀንስ።


የድሮ መካኒክ | ቃሊቲ

ልጆች፣ የዝምድናው ነገር ጥሩ ነው። ነገር ግን ብራንድ ከመምረጣችሁ በፊት ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ልመዱ። ሱቅ ውስጥ ማንም የማይነግራችሁ እዚያ ላይ ተጽፏል።

መጀመሪያ ዕድሜውን ፈልግ። ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ሙሉው ቁጥር በአንድ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል ጎማውን ገልብጠህ እይ። መደርደሪያ ላይ የከረመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ፀጉር የሚመስል ላስቲኩም አለ፣ «አዲስ» ተብሎ ይሸጣል። ላስቲኩ ግን እንደ ከረመ ድፎ ዳቦ ደርቋል። ውጤቱን የምታየው እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ስትይዝ ነው።

ቀጥሎ ከልኩ ጎን ያለችውን ቁጥርና ፊደል እይ። 91 ደብሊው የሚለው ጎማ አንዱ ብቻውን 615 ኪሎ ይሸከማል፣ እስከ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይፈቀድለታል። ቪ ከሆነ 240፣ ኤች ከሆነ 210 ነው። እዚህ አገር በ240 የሚነዳ የለም፣ በፈጣን መንገዱም የተፈቀደው 120 ነው። ታዲያ ፊደሏ ምን ያደርግልናል ትሉ ይሆናል። ፊደሏ ከፍ ያለ ጎማ ሙቀት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጎኑም ጠንከር ይላል፣ ኩርባ ላይ አይልፈሰፈስም። ለጂቲአይ ከቪ በታች አትግዛ። 94 እና ኤክስኤል የሚል ካገኘህ ደግሞ ጭነቱ 670 ኪሎ የሆነ የተጠናከረ ጎማ ነው። እኔ ለከተማችን መንገድ ያንን እመርጣለሁ።

የትሬድዌር ቁጥርም አለ። 200፣ 340፣ 500 ይላል። ቁጥሩ ሲጨምር ይቆያል፣ ሲያንስ ይይዛል ተብሎ ይነገራል። በጥቅሉ እውነት ነው። ግን ቁጥሩን የሚሰጠው ፋብሪካው ራሱ ስለሆነ የአንዱን ብራንድ 400 ከሌላው 400 ጋር አታወዳድር። በዚህ ዓይነት ጎማ ከ300 እስከ 400 አካባቢ ያለው ብዙ ጊዜ ለዕለት ተዕለት የሚሆን ነው። አጠገቡ ያለችው ኤኤ፣ ኤ ወይም ቢ የምትለው ደግሞ እርጥብ መንገድ ላይ ቀጥታ ፍሬን ሲያዝ የተለካች ናት። ኩርባን አትጨምርም። ከአውሮፓ የመጣ ጎማ ከሆነ የተለጠፈበትን ወረቀት ፈልግ፣ ከ2021 ወዲህ የእርጥብ መንገድ ደረጃው ከኤ እስከ ኢ ነው። ኤ ወይም ቢ ያለውን ያዝ።

ሌላ የማየው ጥፋት አለ። ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ጎማ ብዙ ጊዜ የክረምት ጎማ ነው፣ የፈረንጅ ክረምት። ጥርሱ ጥልቅ ስለሆነ «ጠንካራ ነው» ተብሎ ይገዛል። ላስቲኩ ለብርድ የተሠራ ለስላሳ ነው። የአዳማ ሙቀት ላይ ይዋልላል፣ ቶሎም ያልቃል።

የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ደረቅ መንገድ ላይ መካከለኛውም ጎማ ይበቃሃል። ገንዘብህን የምታወጣው ለዝናቡ ነው። በተለይ ከበጋው በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አስፋልቱ ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ ከውኃው ጋር ይለወሳል። ያን ቀን ስንት መኪና እንደሚጋጭ እዚህ የምትኖሩ ታውቃላችሁ።


እንጦጦ ወራጅ

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። አንድ ጥያቄ ልጨምር። አራቱን በአንድ ጊዜ መግዛት ያልቻለ ሰው ሁለቱን አዲስ የት ይግጠም? እኔ የምነዳው የፊት እግሩ የሚጎትት መኪና ነው። ጎሚስታ ጋ ስሄድ ሁሉም ፊት ይላሉ።


ዝቅ ያለ መኪና

ፊት ነዋ! መሪው ፊት፣ ሞተሩ ፊት፣ ፍሬኑም አብዛኛው ፊት።


የድሮ መካኒክ

እህቴ፣ ኋላ ነው የሚገጠመው። ትላልቆቹ የጎማ ፋብሪካዎችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ውኃ ባለበት ኩርባ ላይ የፊቱ ቢንሸራተት መኪናው ወደ ውጭ ይገፋል፣ መሪው ሲቀልብሽ ይታወቅሻል፣ ነዳጁን ለቀቅ ስታደርጊ ይመለሳል። የኋላው ቀድሞ ከለቀቀ ግን መኪናው ይዞራል፣ አብዛኛው ሰው ለማቃናት ጊዜ አያገኝም። ከእንጦጦ ስትወርጂ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላው ይበልጥ ይቀላል። ስለዚህ አዲሱ ወደ ኋላ፣ ደህና የሆነው አሮጌ ወደ ፊት። «ደህና የሆነው» ያልኩት ጥርሱ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር የቀረው ነው። ምልክቱ ላይ የደረሰ ማለት 1.6 ቀርቶታል ማለት ነው፣ እሱ የትም አይገጠም።


ጎሚስታው

ጋሼ ልክ ናቸው። እኛ ጋ ደንበኛው ራሱ «ፊት አድርገው» ብሎ ይጨቀጭቃል። አሁንማ ይህን ውይይት አሳየዋለሁ።


የጎልፉ ልጅ

ታዲያ እኔ ሁለት ሚሽሊን ኋላ ገጥሜ ፊት መካከለኛ ባደርግስ? የበጀቱ ነገር እኩል ሊመጣልኝ ይችላል።


ከቨርጂኒያ

አታድርገው። አራት አንድ ዓይነት መካከለኛ ጎማ፣ ሁለት ምርጥና ሁለት ሌላ ከምትደባልቅ በጣም ይሻላል። ጂቲአይ የሚጣፍጠው ፊቱና ኋላው ስለሚስማሙ ነው። ሁለት ዓይነት ጎማ ከገጠምክ ዝናብ ላይ የትኛው ጫፍ ቀድሞ እንደሚለቅ አታውቅም።


ከዱባይ

የቨርጂኒያውን እደግፋለሁ። እኔ ስለ ያገለገለ ጎማ ልናገር፣ ምክንያቱም ከዚህ ወደ አገር ቤት ጎማ ላክልን የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እዚህ ጎማ 5 ዓመት ካለፈው ቅጣት አለበት። ስለዚህ ሰው ጥርሱ ገና ያላለቀ ጎማ አውልቆ ይጥላል። ሲታይ ያምራል። ግን በጋው ላይ አስፋልቱ እጅ ያቃጥላል፣ ያ ጎማ እዚያ ላይ ዓመታት ተጠብሷል። በጥርሱ ሥርና በጎኑ ላይ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆችን ፈልጉ። ከውስጥ የተለጠፈ ካለ፣ ጎኑ ላይ እብጠት ካለ፣ በነፃም ቢሰጣችሁ አትውሰዱ። ለጂቲአይ ዓይነት መኪና ያገለገለ ጎማ በጭራሽ አልመክርም።


የጎልፉ ልጅ

ዛሬ ሱቆቹን ዞሬ መጣሁ። በልኬ ሦስት አገኘሁ። አንደኛው የኮሪያ ነው፣ ሀንኩክ ቬንቱስ ፕራይም 4፣ 94 ደብሊው ኤክስኤል፣ ቀኑ ከአንድ ዓመት ብዙም አይበልጥም። ሁለተኛው ስሙ ትልቅ የሆነ የአውሮፓ ጎማ ነው፣ ዋጋው ከኮሪያው ጋር ተቀራራቢ ነው፣ ዲኦቲው ግን ከ5 ዓመት በላይ እንደሆነው ይናገራል። ሻጩ «ጎማ አይበላሽም» አለኝ። ሦስተኛው ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ነው፣ ከሁሉም ይረክሳል፣ ቀኑ ቅርብ ነው፣ ፊደሉ ግን ኤች ነው።

ደግሞ እህቴ ከአሜሪካ ልትመጣ ነው፣ «አራት ጎማ በሻንጣ ላምጣልህ?» ብላኛለች። ይቻላል እንዴ?


የድሮ መካኒክ

ልጄ፣ የመጀመሪያው። ጥያቄ የለውም። ቬንቱስ ፕራይም ከፓይለት ስፖርት ጋር የሚወዳደር የስፖርት ጎማ አይደለም፣ ለምቾትና ለእርጥብ መንገድ የታሰበ ነው። ላንተ አነዳድ ግን ልክ እሱ ነው። ትንሽ ጠንከር ያለ መሪ የምትፈልግ ከሆነና ካገኘህ የኩምሆ ኤክስታ፣ የፋልከን አዜኒስ ኤፍኬ510 ወይም የዮኮሃማ አድቫን ፍሌቫ ጠይቅ። ሁሉም ከላይኛው ዋጋ በታች ያሉ ናቸው።

የሁለተኛው ስም ትልቅ ቢሆንም ላስቲኩ መደርደሪያ ላይ እያለ አርጅቷል። በአዲስ ዋጋ አሮጌ አይገዛም። ሦስተኛው ለታክሲ ይሆናል፣ ላንተ መኪና አይሆንም። ስሙን ስለማታውቀው አይደለም፣ ፊደሉ ስለማይመጥነው ነው። ከቻይናም ደህና ጎማ ይመጣል፣ በደብሊው የተሠራና የእርጥብ ደረጃው የተጻፈበት ካገኘህ ተመልከተው።


ከቨርጂኒያ

የሻንጣውን ነገር እኔ ልመልስ። አንድ 225/45 አር 17 ጎማ ቁመቱ 63.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ 22.5 ነው። ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ሲደመር ወደ 150 ይሆናል። የብዙ አየር መንገዶች የሻንጣ ልክ 158 ስለሆነ አንዱ ይገባል፣ ክብደቱም 10 ኪሎ አካባቢ ነው። ሁለቱ ተደርበው ግን 172 ስለሚሆኑ ልኩን ያልፋሉ። እህትህ በሁለት ሻንጣ ሁለት ጎማ ብቻ ነው የምታመጣልህ፣ የእናትህን ዕቃ ሁሉ ትታ። ጎማ እንደ ሻንጣ መቀበላቸውን አየር መንገዱን፣ ቀረጡን ደግሞ ጉምሩክን አስቀድማችሁ መጠየቅ አለባችሁ። እዚያው ጥሩ ጎማ አግኝተሃል፣ እኔ ብሆን እህቴን አላስቸግርም።


የጎልፉ ልጅ

እሺ፣ ሀንኩኩን ወሰንኩ። አራቱንም። ዋጋው ከሚሽሊኑ በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ በተረፈው አላይመንት (የእግሮቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አሠራለሁ። የድሮዎቹ የኋላ ጎማዎች በውስጥ በኩል ተበልተዋል።


ጎሚስታው

እሱን በደንብ አይተሃል። ጎልፍ 5 ከኋላ የሚስተካከል እግር አለው፣ ብዙ ቦታ ግን ፊቱን ብቻ ነው የሚሠሩት። «አራቱንም» ብለህ ቀድመህ ተናገር፣ ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን ልኬት በወረቀት ጠይቅ። የኋላውን ሳታስተካክል አዲስ ጎማ ከገጠምክ አዲሱንም እንደዚያው ይበላዋል።

ሲገጠምም ቁም። ጎኑ ላይ «አውትሳይድ» የሚለው ጽሑፍ ከውጭ መታየት አለበት። ቀስት ያለበት ጎማ ከሆነ ደግሞ ቀስቱ ወደ ፊት በሚሽከረከርበት አቅጣጫ ይሁን። ይገርማችኋል፣ ተገልብጦ ተገጥሞ የሚመጣ አለ። ባላንስም ሳይሠራ አትውጣ።


እንጦጦ ወራጅ

ነፋሱስ? እኔ ሁልጊዜ 35 ሙላልኝ ነው የምለው፣ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም።


የድሮ መካኒክ

የመኪናሽን ልክ ፋብሪካው ጽፎልሻል። ጎልፍ ላይ የነዳጅ ክዳኑ ውስጥ ነው፣ ብዙ ሌሎች መኪናዎች ላይ የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ነው። ልኩ ለቀዘቀዘ ጎማ ነው፣ ጠዋት ሳትነጂ በፊት ለኪ። ሙቀቱ በ5 ወይም 6 ዲግሪ በተለወጠ ቁጥር 1 ፒኤስአይ (የነፋሱ ግፊት መለኪያ፣ ያንቺ 35 የሚለካበት) ያህል ይለወጣል።

ከፍታውም ይቆጠራል። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የውጭው አየር ቀላል ነው። ጅቡቲ ባሕሩ ዳር ተሞልቶ የመጣ መኪና እዚህ ሲደርስ፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን፣ መለኪያው 3.5 ያህል ጨምሮ ያሳያል። አዲስ አበባ ሞልተሽ አዳማ ስትወርጂ ደግሞ በከፍታው ምክንያት 1 ያህል ይቀንሳል፣ ያንን የመንገዱ ሙቀት ይሸፍነዋል። ስለዚህ ለአዳማ መንገድ ብለሽ ነፋስ አታስቀንሺ። ብዙ ሾፌር «ይሞቃል» ብሎ ያስቀንሳል፣ ያ ነው አደገኛው። የጎደለው ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ራሱን ያሞቃል፣ በ120 ላይ የሚፈነዳውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።


የጎልፉ ልጅ

ተገጠመ! ከሳሪስ እስከ ቤት ነው የነዳሁት፣ ኮብልስቶኑ ላይ ድምፁ በጣም ቀንሷል። አላይመንቱም አራቱም ተሠርቷል፣ የኋላው በእርግጥ ተዛብቶ ነበር። ነገ እንጦጦ ልወጣ ነው።


ከቨርጂኒያ

እንኳን ደስ ያለህ። ነገ ግን በቀስታ ውጣ። አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ቅርጽ ማውጫው ላይ እንዳይጣበቅ የሚቀባ ነገር ላዩ ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ላይ ይንሸራተታል፣ በተለይ እርጥብ ላይ። እስከ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ኩርባውን አትፈትነው።


ጎሚስታው

ቦልቶቹንም አትርሳ። 50 ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ ተመልሰህ በመለኪያ ቁልፍ ይጠበቁልህ፣ ለጎልፍ 5 ልኩ 120 ኒውተን ሜትር ነው። በእግር ተረግጦ የሚጠበቅበት ቦታ አትሂድ፣ ቸርኬውንም ዲስኩንም ያጣምማል። እኔ ጋ ብትመጣ በነፃ ነው።